ጫኔ ያጨደው ሣር

በ፲፱፻፱ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ከጓሳ ሥር ባለችው በሣር አምባ ጊዮርጊስ የገበያ ሜዳ ላይ ነጋሪት ተጎሰመ። ገብሱ ገና ፍሬው አልጠነከረም ነበር፤ ደመናው ከቆላው በኩል በገደሉ አፋፍ እየተንከባለለ ወጥቶ ሜዳውን ይሸፍንና መልሶ ይገልጠው ነበር፤ ሕዝቡም በግ ሻጩ በጉን፣ ባና ሻጩ ባናውን ይዞ ባለበት ቆሞ አዋጁን ሰማ። «በአዲስ አበባ አልጋው ከአንዱ ተነሥቶ ለሌላይቱ ተሰጥቷል፤ የወሎው ንጉሥም ስለ ልጁ አልጋ ተቆጥቶ በሸዋ ላይ ዘምቷል። ርስት ያለህ ሁሉ ነፍጥህን ይዘህ ተከተል፤ የቀረህ ግን ርስትህን እንደ ጣልህ ቁጠረው» የሚል ነበር። ሴቶቹ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ፤ ገበያው ያለ ሰዓቱ ተፈታ።

ከሰሚዎቹ መካከል ጫኔ የሚባል ገበሬ ነበረ፤ አዋጁን በሰማ ጊዜ የማያውቀው ሰው አህያ ላይ ተደግፎ ቆመ።

ጫኔ ፈሪ ነበር። የዘማች ታሪክ በፉከራና በሽለላ ቢጀመር ደስ ባለ፤ ነገር ግን የሌለ ነገር ከየት ይመጣል? ጫኔ መብረቅ ሲጮህ ከመደቡ ጥግ ባና ተከናንቦ የሚሸጎጥ፣ የጎረቤት ውሻ ካልታሰረ ከአጥር ውጭ ቆሞ የሚጣራ፣ ወንዝ ሲሞላ ሰው ሁሉ ተሻግሮ እስኪያበቃ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ሚስቱ ጌታነሽ በዚህ ትስቅበት ነበር፤ እርሱም አብሯት ይስቃል። ፈሪነቱን እንደ ቁመቱ ያውቀዋል፤ አንድም ቀን ሊደብቀው ሞክሮ አያውቅም። ከአባቱ የወረሰው መሬት ግን አንድ ነፍጥ የሚያዘምት ርስት ነበርና፣ የአባቱን አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃ ከግድግዳው ላይ አወረደ።

የጌታነሽ ወንድም አንዷለምም ይዘምታል። እርሱ ሌላ ሰው ነው፤ ወጣት፣ ዘፋኝ፣ ነጋሪቱን ሲሰማ የሠርጉ ቀን የደረሰለት ያህል የፈነደቀ ጎበዝ ነበር። ጌታነሽ ስንቅ ስትቋጥር አድራ ማለዳ ባሏን ከደጅ አቆመችውና የበሶውን ስልቻ ትከሻው ላይ አስተካከለችለት።

«ጫኔ፣ ስማኝ» አለችው። «አንተ ፈሪ ነህ።»

«ይህን ልትነግሪኝ ነው ያቆምሽኝ?»

«አዎን። ፈሪ በመሆንህ ነው ወንድሜን ለአንተ የምሰጥህ። ጎበዞቹ አንዴ ወደ ፊት ከሮጡ ዞረው አያዩም፤ አንተ ግን ዞረህ ታያለህ። አፈር ስሆንልህ፣ አንዷለምን ይዘህልኝ ና። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ጫኔ ማለላት። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሚፈራው ሞት አንድ የነበረው ሁለት ሆነበት።

የጌታነሽና የአንዷለም አባት አባ ቀራ ኪዳነ ነበሩ። አባ ቀራ የሚባለው የጓሳ ጠባቂዎች ሁሉ አለቃ ነው። ጓሳ፣ ከመንደሩ በላይ ያለው ያ ብርዳም ሰፊ ሜዳ፣ የሣሩም ርዝመት እስከ ወገብ የሚደርሰው፣ የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። የአገሩ ቤት የሚከደነው በእርሱ ሣር ነው፤ ድርቅ ሲመጣ ከብቱ የሚተርፈው በእርሱ ነው። ስለዚህ ከአባቶች ዘመን ጀምሮ ሽማግሎች እየመከሩ ለዓመታት ይዘጉታል፤ በተዘጋም ዘመን ማጭድ ያሳረፈበት ሰው፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ የቤቱ ክዳን ይቃጠላል። ሲቃጠልም አንድ ሰው ብቻ አያቃጥለውም፤ ቂም እንዳይበቅል ከየቤቱ አንድ ሰው ችቦ ይዞ ይመጣል፤ ባለቤቱም ራሱ ከእነርሱ ጋር ይለኩሳል። ግድግዳው ድንጋይ ስለሆነ ይቀራል፤ ክዳን ግን ጓሳ እስኪከፈት ከየትም አይገኝም።

በዚያ ዓመት ጓሳ ዝግ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ዳኜ የሚባል ድኻ በዝናብ የሚያፈስ ቤቱን ሊጠግን፣ የታመመች እናቱ ራስጌ ላይ ያለውን ቀዳዳ ሊደፍን፣ አንድ ሸክም ሣር አጭዶ ተያዘ። አባ ቀራ ኪዳነ ፈረዱበት፤ ቤቱም ነደደ፤ እናቱ ያንን ክረምት አላለፈችም። ጫኔም ከየቤቱ እንደ መጣው ሰው ሁሉ ችቦውን ይዞ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ዳኜን በመንገድ ሲያየው ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል።

ዘማቾቹ ጓሳን ሲያቋርጡ አባ ቀራ ከጫፉ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። የአገሩ ጦር አዝማች ባላምባራስ ኃይለ ኢየሱስ እንኳ የበቅሏቸውን አፍ በገመድ አስረው ነው ያለፉት። ሽማግሌው ልጃቸውን ስመው ሲያበቁ ወደ ጫኔ ዞሩ።

«አንተ የባላምባራስ ሣር አጫጅ ሆነሃል አሉ።»

«አዎን አባቴ፤ የበቅሏቸውን።»

«ማጭድህን ጓሳ እስክታልፍ ጠቅልለህ ያዝ» አሉት። ጫኔም በነጠላው ጠቀለለው።

የጫኔ ውትድርና ይኸው ነበር። ሌሎቹ ሲፎክሩ እርሱ ሣር ይፈልጋል፤ ሌሎቹ ጎራዴ ሲስሉ እርሱ ማጭዱን ይስላል። በሰፈሩ ዳር ዳር እያለ ማጨድን ወደደው፤ ከነፍጥ የራቀ ሥራ ነውና። ማታ ግን ከአንዷለም ጎን ተኝቶ፣ ልጁ በእንቅልፉ ሲተነፍስ እየሰማ፣ ስለማያውቀው የጦር ሜዳ እያሰበ ያነጋል።

ያ ሜዳ ቶራ መስክ ሆነ። በጥቅምት ወር መጀመሪያ የሸዋው ግንባር ቀደም ጦር፣ ዋናው ጦር ሳይደርስለት፣ ከወሎው ብዙ ሠራዊት ጋር ተገናኘ። ጠዋቱን ጫኔ ከሰፈሩ ኋላ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ሣር እያጨደ ነበር፤ ተኩሱ ሲከፈት ያጨደውን ታቅፎ መሬት ላይ ተኛ። ጩኸቱ ሰው የሚጮኸው አይመስልም ነበር። ለረጅም ጊዜ ከዚያ አልተነሣም፤ ሱሪው ረጠበ፤ አፉ ውስጥ አፈር ገባ፤ የጊዮርጊስን ስም እንኳ እስከ መጨረሻው መጥራት አቃተው። ቀና ሲል የገዛ ወገኑ በፊቱ እየሸሸ ያልፋል። «ባላምባራስ ወደቁ! ባላምባራስ ወደቁ!» ይላል የሚሸሸው ሁሉ፤ ጫኔም ተነሥቶ ከሁሉ ጋር ሮጠ።

ሮጦ ሮጦም አንድ ጉብታ ላይ ሲደርስ ዞሮ አየ። ጌታነሽ እንዳለችው አየ። ከሚሸሸው መካከል አንዷለም የለም።

ወደ ኋላ እንዴት እንደ ተመለሰ እርሱም አያውቀውም። ጀግንነት ነው የሚል ቢኖር ጫኔ ራሱ ይስቅ ነበር፤ ጌታነሽን ባዶ እጁን ማየት ከወሎ ጦር የበለጠ አስፈርቶት ነው እንጂ። በሆዱ እየተሳበ፣ የሬሳውን ፊት እየገለጠ ሄደ፤ እያንዳንዱን ፊት ሲገልጥ ዓይኑን ይጨፍንና ቀስ አድርጎ ይከፍታል። አንዷለምን ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር አገኘው፤ ጥይት ጭኑን በስቶት ነበር፤ ፊቱም ከደሙ መፍሰስ የተነሣ እንደ አመድ ነጥቶ ነበር። ቁስሉን በነጠላው አሰረለትና በጀርባው አዘለው። ውጅግራው በአንድ ትከሻው፣ ማጭዱ በወገቡ እንደ ተሻጠ ቀረ።

ከሞት የተረፈው ሁሉ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዋናው ጦር ሸሸ። የጫኔ አገር ግን በስተ ሰሜን ነበር፤ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በጠላት ጀርባ በኩል ያልፋል። አንዷለም ከማያውቀው ሕዝብ መካከል ቢያድር እንደሚሞት ጫኔ ተረዳ፤ ስለዚህ የወሎው ጦር ወደ መጣበት አቅጣጫ እያለቀሰ ሄደ።

ቀን ቀን ይደበቃሉ፤ ሲመሽ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ከመንገድ ዳር ባለ የገብስ ማሳ ውስጥ ተኝተው ሳለ የጠላት ጓዝ ማለፍ ጀመረ፤ በቅሎው፣ አህያው፣ እንስራ ያዘለችው ሴት፣ አታሞው። ጫኔ አንዷለም እንዳያቃስት አፉን በእጁ ከደነው። 

ያን ጊዜ ገብሱ ተንኮሻኮሸ። አንድ ሰው ማጭድ ይዞ ወደ እነርሱ እያጨደ ይመጣል፤ የጠላት ሣር አጫጅ ነው። ገብሱን በግራው ጨብጦ ሊቆርጥ ሲያጎነብስ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሰውየው ጢሙ ሸበቶ የጀመረው፣ ልብሱ ያለቀ ገበሬ ነበር፤ የጫኔን ማጭድ አየ፤ የቆሰለውን አየ፤ የጨበጠውን ገብስ ለቀቀ። ጫኔ ውጅግራውን ሊያነሣ ፈልጎ ክንዱ አልታዘዝ አለው። ሰውየው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገና ወደ መንገዱ ተጣራ።

«ኧረ ይኸኛው ዋግ የመታው ነው! ከብት አይበላውም፤ ወዲያ ማዶ እንሂድ!»

ገብሱ አንዲት ዛላ ዋግ አልነካትም ነበር። ሰውየው የራራለት ይሁን ወይም እንደ እርሱ ፈርቶ ይሁን ጫኔ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አላወቀም፤ ፍርሃት እንደ ሆነ ግን ሁልጊዜ ያምን ነበር፤ ስለዚህም ሰውየውን ይወደው ነበር።

ጓሳ የደረሱት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ነበር። በመንገድ በረዶ ወርዶባቸው እስከ አጥንታቸው ርሰዋል፤ ጉሙም ወርዶ ጅብራ የሚባለው ሰው የሚያህል የደጋ ተክል ሁሉ ቆሞ የሚጠብቃቸው ጭፍራ ይመስል ነበር፤ ጫኔም አንዱን ጅብራ በእውነት «ማነህ!» ብሎ ጠይቆታል። ከዚያ እስከ መንደሩ የግማሽ ቀን መንገድ አይሆንም፤ ነገር ግን በጉም ውስጥ ገደሉ የት እንደ ሆነ አይታወቅም፤ እግሩም አልቆለታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውርጩ እንደሚጀምር በነፋሱ አወቀ። ባናውን አውልቆ በአንዷለም ላይ ደረበ፤ ባናው ግን ውኃ ጠጥቷል።

አንዷለም ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ጸጥ አለ።

«ጫኔ።»

«አለሁ።»

«ብርዱ ቀረ እኮ። ሞቀኝ።»

በዚያን ጊዜ የጫኔ ጠጉሩ ቆመ። የጓሳ ሥር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በዚያ ሜዳ ብርድ የገደለው ሰው ሊሞት ሲል ሞቀኝ ነው የሚለው። ልጁን በገዛ ገላው አቀፈው፤ ገላው ራሱ የቀዘቀዘ ነበር። የቆመውን ሣር ሳያጭድ አናቱን ለአናቱ እየቋጠረ ጎጆ ሊያደርገው ሞከረ፤ ነፋሱ ቋጠሮውን ይፈታበታል። ሌላ ቋጠረ፤ እሱንም ፈታበት። የቀረው ነገር በወገቡ ያለው ማጭድ ነበር። እርጥቡን ውጫዊ ሣር ገፍፎ ከሥሩ ያለውን ደረቁን ቢያጭድ፣ ከታች ቢያነጥፍ፣ ከላይ ቢከምር፣ ሰው ያድራል።

እጁን ማጭዱ ላይ አሳርፎ ቀረ። የዳኜ ቤት ትዝ አለው፤ ክዳኑ ሲደረመስ የተነሣው ድምፅ፣ እናቱ በውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እሳቱን ስትሞቅ። ከጠላት ይልቅ ይህ ቅርብ ነው፤ የወሎን ጦር ያየው አንድ ጠዋት ነው፤ የጓሳን ሕግ ግን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው። አንዷለምም የማጭዱን መውጣት ሰምቶ ዓይኑን ገለጠ።

«ምን ልትሠራ ነው? አትጨድ።»

«ዝም በል አንተ።»

«አባዬ ያቃጥልሃል። እኔን ብሎ የሚምር መሰለህ? አታውቀውም እንዴ… አትጨድ ጫኔ።»

«አውቃለሁ» አለ ጫኔ፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «አባትህን ካንተ ይበልጥ ነው የምፈራቸው።»

ብሎም አጨደ። አንዱን እፍኝ ሲቆርጥ ምድር የምትከፈት መስሎት ቆመ፤ አልተከፈተችም፤ ሁለተኛውን ቆረጠ። ከዚያ በኋላ እንደ እብድ ነበር የሚያጭደው፤ እያለቀሰ፣ ጊዮርጊስን ይቅርታ እየለመነ፣ ዙሪያውን መላጣ እስኪሆን ድረስ። አንዷለምን በሣር ውስጥ ቀበረውና ራሱም ከጎኑ ገባ። በማግስቱ ሣሩ ላይ ውርጩ እንደ ጨው ተነጥፎ ነበር፤ ከሥሩ ግን ሁለት ሰዎች በሕይወት አደሩ።

በጉሙ ውስጥ የእግር ኮቴ የሰማው ያን ጊዜ ነው። ብዙ ሰዎች ናቸው፤ አይነጋገሩም። የጠላት ጭፍራ መስሎት ውጅግራውን አነጣጠረ፤ ጣቱ ምላጩ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከፊት ያለው ሰው አሳለ፤ ሳሉም የአማቱ ሳል ነበር። ጎበዛዝቱ ስለ ዘመቱ አባ ቀራ ኪዳነ ሽማግሎቹን ይዘው ራሳቸው ጓሳን ይዞሩ ነበር። መተኮስ የቀረው ለጥቂት መሆኑን ሲያስበው ጫኔ ነፍጡን ጥሎ አስመለሰው።

ሽማግሌው መጀመሪያ ያዩት የታጨደውን መሬት ነው።

«ይህን ማን አጨደው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባቴ። ጫኔ ነኝ።»

«ማን ከፍቶልህ?»

ጫኔ ሣሩን ገለጠና የልጁን ፊት አሳያቸው። አባ ቀራ ኪዳነ ተንበረከኩ፤ እጃቸውን በልጃቸው አፍንጫ ላይ አድርገው ትንፋሹን እስኪያገኙ ቆዩ፤ ካገኙት በኋላ ጮኸው አለቀሱ። ሽማግሎቹም አብረው አለቀሱ። ቃሬዛ ተሠርቶ ልጁ ሲነሣ አንዱ ሽማግሌ ሣሩንም ሊጭንለት ጎንበስ አለ፤ አባ ቀራ ግን ፊታቸውን ሳያብሱ እጁን ያዙት።

«ሣሩ ከጓሳ አይወጣም» አሉ። የራሳቸውን ካባ አውልቀው ልጃቸውን አለበሱት።

አንዷለም በእኅቱ ቤት፣ በጫኔ ክዳን ሥር ተኛ፤ ትኩሳቱም ቀስ በቀስ በረደለት። በዚሁ መካከል በሰገሌ ታላቅ ውጊያ እንደ ተደረገና ሸዋ ድል እንዳደረገ ወሬ ደረሰ፤ መንደሩ በእልልታ ተናወጠ። ከሰገሌ የሚመለሱት በፉከራ ገቡ። ከቶራ መስክ የተረፈው ግን ዝም አለ፤ ጌታው ወድቆ እርሱ ቆሞ የመጣ ሰው ምን ብሎ ያወራል? የባላምባራስ ሚስት ጠጉሯን ተላጭታ በየመንገዱ ስትታይ፣ ጫኔና አንዷለም ስለዚያ ሜዳ አንዲት ቃል ላይተነፍሱ ተማማሉ።

ጫኔ ግን አልተኛም። ሽማግሎቹ ለፍርድ የሚቀመጡበት ቀን ሲቃረብ አንድ ማለዳ ጓዙን ጠቅልሎ ጌታነሽ ዘንድ ቆመ። «መርሐ ቤቴ የእናቴ ዘመዶች አሉ» አላት። «እዚያ ብቆይስ? እኔ ከሌለሁ አያቃጥሉትም ይሆናል።»

ጌታነሽ አንዷለም የሚጠጣውን አጥሚት እያማሰለች ነበር። «ሂድ» አለችው፤ «ማንም አይይዝህም። እኔም አልቀየምህም።» ጫኔ ጓዙን መልሶ አስቀመጠ። ይህን ያህል እየፈራ ያልሸሸበት ቀን በሕይወቱ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሽማግሎቹ በጊዮርጊስ ደጅ ከጽዱ ሥር ተቀመጡ። የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ አትናቴዎስ ቀድመው ተነሡ፤ «ጌታችን በሰንበት አልፈወሰምን? ይህ ሰው ነፍስ ለማትረፍ ነው ያጨደው፤ ሕግ ስለ ሰው ነው» አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። አባ ቀራ ኪዳነም ተስፋ ያደረጉ ይመስል ቀና አሉ።

ያን ጊዜ ዳኜ ከኋላ ተነሣ። ድምፁን አላነሣም።

«መምሬ የተናገሩት እውነት ነው» አለ። «የእኔ እናትም ነፍስ ነበረች። ያን ጊዜ ግን ይህን ቃል የተናገረልኝ አልነበረም። ችቦ ያልያዘ ሰው ከዚህ መካከል ካለ ይነሣና አፌን ይዝጋው። እኔ አቃጥሉ አልልም። የአባ ቀራ ልጅ ሲሆን ይቀራል፣ የዳኜ እናት ስትሆን ይነዳል ካላችሁኝ ግን ነገ ጓሳ ውስጥ ማጭዴን ይዤ እገባለሁ፤ ማን ይከለክለኛል?»

 አባ ቀራ ኪዳነ ሊፈርዱ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ፤ መልሰውም ተቀመጡ። ጫኔ በሕይወቱ ሁሉ የፈራቸው እኒያ ሰው ሲፈሩ አየ። አሁን ቢምሩት ሕጉ በእጃቸው ይሞታል፤ ቢፈርዱበት የልጃቸውን ሕይወት ባተረፈ ሰው ላይ የፈረዱ ይሆናሉ። ጫኔ ሳያስበው ቆመ።

«አባቴ አይፍረዱ» አለ። «እኔ ልንገራችሁ። ማጭዱን ሳወጣ ሕጉን አውቄ ነው። ለዳኜ ቤት ችቦ ይዤ ሄጃለሁ፤ ያን ጊዜ አይሆንም አላልኩም፤ ፈርቼ ነው። ዛሬም እፈራለሁ። ይቃጠል።»

ተቀምጦም ፊቱን ሸፈነ።

ቤቱ የተቃጠለው በዚያው ቀን ነው። መጀመሪያ በሽተኛው መውጣት ነበረበት፤ ከነመኝታው ለማውጣት ሰው ሲቅማማ ዳኜ በደጁ ጎንበስ ብሎ ገባና የአንዷለምን ራስጌ ያዘ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። አውጥቶ ከነፋስ በተጋረደ ግድግዳ ሥር አስተኛውና ተመልሶ ችቦውን አነሣ። ከየቤቱ የመጣው ሰው ክዳኑን ከበበ፤ አባ ቀራ ኪዳነ ከመካከላቸው ነበሩ፤ ጫኔም ራሱ ችቦ ይዞ ቆመ። ነበልባሉ ሲነሣ አንዷለም ከመኝታው ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዞረ።

ጫኔ እሳቱን እያየ ወደ ሚስቱ ሊዞር አልደፈረም። እርስዋ ግን መጥታ ከጎኑ ቆመች፤ ጭሱ ዓይኗን አስነብቶታል።

«ይቅር በይኝ» አላት። «ቤትሽን—»

«ወንድሜን ይዘህልኝ ና ነው ያልኩህ» አለችው። «ስለ ቤት የተናገርኩት ነገር አለ?» ከዚያም እጁን ያዘችው።

ጓሳ እስኪከፈት በገብስ ገለባና በቆዳ ተከልለው ኖሩ። አባ ቀራ ኪዳነ በተከታዩ ዓመት ሹመታቸውን ለሌላ አስረከቡ፤ ምክንያቱን የጠየቃቸው የለም። አንዷለም አንድ እግሩን እያነከሰ አግብቶ ወለደ። ስለ ቁስሉ ሲጠየቅ ከገደል ወደቅሁ ይል ነበር፤ ከቶራ መስክ በሰው ጀርባ መጣሁ ለማለት ዕድሜውን ሁሉ አፈረ። ጫኔም መሐላውን ጠብቆ ዝም አለ፤ በእርጅናውም መብረቅ ሲጮህ ከመደቡ ጥግ እየተሸጎጠ ሞተ።

የሰገሌ ነገር በታሪክ ተጽፏል፤ የመኳንንቱ ስም፣ የነጋሪቱ ብዛት፣ የድሉ ሰልፍ ሁሉ ተጽፏል። ስለ ቶራ መስክም ብዙ ሰው እንዳለቀ ተጽፏል። የሁለቱ ሰዎች መሐላ ግን የሚጻፈውን ነገር ይዞት መቃብር ገባ፤ ፍርዱን የሰሙትም አንድ በአንድ አለፉ፤ በአገሩ ሰው አፍ የቀረው አንድ ጫኔ የሚባል ሰው በተዘጋ ዘመን ጓሳን አጭዶ ቤቱ መቃጠሉ ብቻ ነው።

ዛሬ ጓሳ አለ፤ ሣሩም እስከ ወገብ ይደርሳል፤ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን ለማየት ከሩቅ አገር እንግዶች ይመጣሉ። ከአስጎብኚዎቹ አንዷ ገሊላ ትባላለች፤ የአንዷለም የልጅ ልጅ ልጅ ናት፤ ቀልደኛና ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት። ከገደሉ አፋፍ አጠገብ አንድ ዝቅ ያለ ቦታ ስትደርስ እንግዶቹን ታቆማቸዋለች።

«ይህ ቦታ ጫኔ ማጨጃ ይባላል» ትላቸዋለች። «ድሮ ጫኔ የሚባል ሌባ ሰው ሁሉ ዘመቻ ሲሄድ ጠብቆ እዚህ ሣር ሰረቀ። የቅድመ አያቴ አባት ናቸው የያዙት። ቤቱን አቃጠሉበት!»

እንግዶቹ ይስቃሉ፤ እርስዋም ትስቃለች፤ ከዚያ ነፋሱ ስለሚበርድ ፈጠን ብለው ያልፋሉ።